ዳገት የሚያውቅ እግር

ፈረንሳይ ውስጥ፣ በፒሬኔ ተራሮች ላይ ቱርማሌ የሚባል መተላለፊያ አለ። የብስክሌት ስፖርት ወዳጅ የሆነ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,115 ሜትር ነው። አምቦ ከተማ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ የአውሮፓ ጋላቢ ከመቶ ዓመት በላይ እያማረረ የሚወጣው ጫፍ፣ አምቦ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ጎመን ዘርግተው የሚሸጡት እናቶች ከተቀመጡበት መሬት ብዙም አይበልጥም። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ቁጥሩን ደግሜ ደግሜ አየሁት። እነሱ ጫፍ የሚሉት ለእኛ መነሻ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ተወልደን የዳገት ጋላቢ ታሪክ ሲነሳ የራሳችንን ሰዎች ስም የማንጠራው ለምንድን ነው? ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይህ ጥያቄ ነው።

እኔ ባኮ ብስክሌት እጠግናለሁ። ባኮ ከአዲስ አበባ በነቀምት መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። አገር የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏና ከዚያ በሚወጣው የበቆሎ ዘር ነው፤ ቢኤች 660ን የዘራ ገበሬ ሁሉ የባኮን እጅ ቀምሷል። ወደ ምዕራብ የጊቤ ወንዝ አለ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አምቦ የሚሄድ ሰው ግን ኢጃጂን አልፎ ጌዶን መውጣት አለበት። ጌዶ ደጋ ነው። ከባኮ በሸሚዝ የወጣ ሰው ጌዶ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት ያ መንገድ ጠጠር ነበር። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። በእኔ ወጣትነት እዚህ አገር ብስክሌት ማለት የቻይናው ፎኒክስ ነው፤ ጥቁር፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ባለ አንድ ማርሽ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ። ከኋላው ወንበር ላይ አንድ ጆንያ በቆሎ ወይም አንድ ቅርጫት ማንጎ ይታሰርበታል። እንዲህ ተጭኖ ጌዶን ማንም ተቀምጦ አይወጣም። መጀመሪያ ከኮርቻው ተነስተህ በፔዳሉ ላይ ትቆማለህ። ከዚያ መንገዱን ከዳር ዳር እያቋረጥክ ትጠማዘዛለህ፤ ዳገቱ በርዝመት ይቀንስልሃል። በመጨረሻ ወርደህ ትገፋለህ። ትንፋሽ ያጠራቸው ጎረምሶች የጭነት መኪና ሲመጣ ጭራውን ይይዙና ይሳባሉ። በዚህ ክፉኛ የተጎዳ ልጅ አይቻለሁ፤ ዛሬም ልጆች ሲያደርጉት ሳይ እጮኻለሁ።

መውጣቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ከጌዶ ወደ ኢጃጂ ስትወርድ ፍሬኑን ይዘህ ነው የምትወርደው፤ ቸርኪው በእጅ የማይነካ እስኪሆን ይግላል። ያን ጊዜ ካላማዳሪው ላይ ያለው ልጥፍ ማስቲሹ ይለሰልስና ይለቃል። ቁልቁለት ላይ ጎማው የፈነዳበት ሰው ወደ እኔ ሲመጣ፣ ምስማር ከመፈለጌ በፊት የድሮውን ልጥፍ ነው የማየው። እኔን ያሠለጠነኝ አዲስ አበባ ጎሚስታ ቤት ያደገ ሽማግሌ ነበር። ለቁልቁለት የሚሆን ልጥፍ ጠርዙን በደንብ ሞርዶ፣ ማስቲሹን ቀብቶ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ከዚያ በመዶሻ መምታት እንደሆነ ያሳየኝ እሱ ነው። ችኩል ጠጋኝ ማስቲሹ ሳይደርቅ ይለጥፋል። ያ ልጥፍ ሜዳ ላይ ዓመት ይቆያል፤ ጌዶ ላይ አንድ ቁልቁለት አይወርድም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቱር ደ ፍራንስ በ1895 ሲጀመር የሜዳ ውድድር ነበር ማለት ይቻላል። ትላልቆቹ ተራሮች የገቡት በ1902 ነው። አልፎንስ ስቴኔስ የሚባል የአዘጋጁ ጋዜጣ ሰው ብስክሌት ቱርማሌን ይወጣ እንደሆነ እንዲያጣራ ተላከ። መኪናው በረዶ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ሰውየው በሌሊት በእግሩ አቋርጦ፣ መንገድ ስቶ፣ ሊሞት ትንሽ ሲቀረው ተገኘ። በማግስቱ ለአለቃው የመታው ቴሌግራም ግን መንገዱ በጣም ጥሩ እንደሆነና ችግር እንደሌለው የሚገልጽ ነበር። በዚያ ቴሌግራም የተነሳ ጋላቢዎቹ 326 ኪሎ ሜትር በሚሆን በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ በርካታ ተራሮችን እንዲወጡ ተደረገ። ኦክታቭ ላፒዝ ቱርማሌን ቀድሞ ተሻገረ፤ በከፊልም ብስክሌቱን እየገፋ ነው። ቀጥሎ በመጣው ተራራ ላይ አዘጋጆቹን ሲያገኝ ነፍሰ ገዳዮች ናችሁ ብሎ ጮኸባቸው። ጉስታቭ ጋሪጉ የሚባለው ብቻ ቱርማሌን አንድም ጊዜ ሳይወርድ ወጣ፤ ለዚህም 100 ፍራንክ ተሸለመ። እኔ ከሁለቱ ይበልጥ የምራራው ለላፒዝ ነው። ብስክሌት እየገፋ ዳገት የወጣ ሰው የሚሰማውን ንዴት አውቀዋለሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ በዚያው ቱርማሌ ላይ የሆነውን ግን ጠጋኝ የሆነ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ኤውዤን ክሪስቶፍ ተራራውን ወጥቶ ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰበረበት። ሕጉ ጋላቢ ከማንም እርዳታ እንዳይቀበል ይከለክል ነበር። ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጎማውን በእጁ ይዞ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባል መንደር ደረሰ። እዚያ አንጥረኛ ቤት አገኘ። አንጥረኛው እንዳይነካ የውድድሩ ተቆጣጣሪዎች ቆመው እያዩት፣ ክሪስቶፍ ብረቱን ራሱ አግሎ፣ ራሱ ቀጥቅጦ፣ ራሱ ገጠመው። ሰዓታት ፈጀበት። ሁለት እጁ ብረቱ ላይ ስለሆነ ወናፍ የሚነፋ ሦስተኛ እጅ አልነበረውምና አንድ ትንሽ ልጅ ነፋለት። ተቆጣጣሪዎቹ ልጁ ወናፍ ነፍቷል ብለው 10 ደቂቃ ቀጡት። በኋላ ወደ 3 ደቂቃ ቀንሰውለታል።

ይህን ታሪክ ሱቄ ውስጥ ለሚሠራ ልጅ ነግሬው ወናፍ ያለበትን ቦታ እንደገና እንድነግረው ጠየቀኝ። ባኮ ዙሪያ ዛሬም ማረሻ የሚሠሩ ሰዎች በወናፍ ነው እሳት የሚያነዱት፤ ልጁ ነገሩ ዓይኑ ፊት ታይቶታል። በዚያ ዘመን ማርሽ መቀየሪያ የሚባል ነገር በውድድር አይፈቀድም ነበር። ጋላቢው ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ሁለት የተለያዩ ጥርሶች ያስገጥማል፤ ዳገት እግር ሥር ሲደርስ ይወርድና ጎማውን ፈትቶ፣ አዙሮ፣ ካቴናውን በትልቁ ጥርስ ላይ አስሮ ይቀጥላል። ጫፉ ላይ እንደገና ይፈታል። በቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው በ1929 ነው። የእኛ ፎኒክስ እንግዲህ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶም የክሪስቶፍን ዘመን ሥራ ይሠራ ነበር።

ወደ እኛ አገር የኮርስ ብስክሌት ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው። ያስገቡት በአስመራ በኩል ነው። ቅኝ ገዢዎቹ መጀመሪያ የአገሬውን ሰው በውድድራቸው አያስገቡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ጣሊያኖችና ኤርትራውያን በአንድነት የተሰለፉበት ውድድር ሲካሄድ ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ አሸነፈ። ገዢው የበላይነቱን ሊያሳይ አዘጋጅቶ የተሸነፈበት ውድድር ነው፤ እኔ ይህን ከዓድዋ ጎን ባላስቀምጠውም በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ጣሊያን ተሸንፎ እንግሊዞች አስመራን በያዙበት ዘመን፣ በ1938 ሚያዝያ፣ ጂሮ ዲ ኤሪትሪያ የሚባለው የዙር ውድድር ተጀመረ።

አስመራን የጋላቢ አገር ያደረገው ከምጽዋ የሚወጣው መንገድ ነው። 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ወለል ተነስቶ ነፋሲትንና አርባሮባን እየተጠማዘዘ ወደ 2,300 ሜትር ይወጣል። አውሮፓ ውስጥ ከባሕር ተነስቶ ሳያቋርጥ እንዲህ የሚወጣ መንገድ ማግኘት ይከብዳል። እሑድ እሑድ የአስመራ ወጣት ወርዶ የሚወጣው ይህንን ነው። እንዲህ ያለ ዳገት ለሳምንት መዝናኛ የሆነለት ሰው ሌላ አሠልጣኝ ብዙም አያስፈልገው። በ2007 ዳንኤል ተክለሃይማኖት በቱር ደ ፍራንስ ለተራራ ጋላቢዎች የሚሰጠውን ነጠብጣብ ማሊያ ሲለብስ፣ በ2016 ደግሞ ቢንያም ግርማይ አረንጓዴውን ማሊያ ኒስ ድረስ ሲወስድ፣ ሥሩ እዚያ አርባሮባ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ልቤ የሚያዝንበት ታሪክ ላይ ደረስኩ።

ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው በ1949፣ በሜልቦርን ነው። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። ማሞ ወልዴ በዚያ ቡድን ውስጥ እንደነበረም ብዙ ሰው ያውቃል። የአገሪቱ የመጀመሪያ ቡድን በሁለት ስፖርት ብቻ እንደተካፈለና ከሁለቱ አንዱ ብስክሌት እንደነበረ ስንቱ ያውቃል? ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋይ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ። አራቱም ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የጎዳና ውድድር ተሰለፉ። ያን ውድድር ያሸነፈው የጣሊያኑ ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው፤ ባልዲኒ በኋላ ጂሮ ዲ ኢጣሊያንም የዓለም ሻምፒዮናንም ያሸነፈ ታላቅ ጋላቢ ነው። ገረመው ያንን የመሰለ ሰው ባለበት ውድድር ከመጀመሪያዎቹ 30 ተርታ ገባ። በቡድን ውጤት ኢትዮጵያ 9ኛ ሆነች። ጣሊያን አገራችንን ለቅቆ ከወጣ ገና 15 ዓመት ነው፤ አብዛኛው መንገዳችን ጠጠር ነው፤ ብስክሌቱም መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጣው። 9ኛ!

ከአራት ዓመት በኋላ በሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ የኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክም ከዚያ ሌሊት የጀመረ ያህል ሆነ። ገረመው ደንቦባ በዚያው በሮም ኦሎምፒክ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰልፎ ነበር። አበበን ከልቤ አከብራለሁ፤ ክብሩ የሚገባው ነው። ከአበበ ድል በፊት በዓለም አደባባይ የአገሩን ስም በወግ ያስጠራው ብስክሌተኛ ግን መንገድ ሊሰየምለት ቀርቶ ስሙን የሚያውቅ ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እዚህ ባኮ ለትምህርት ቤት ልጆች በጠየቅኳቸው ቁጥር ዝም ይላሉ።

በ1961 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ተክስቴ ወልዱና የማነ ነጋሲ ነበሩበት። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ የዓለም ስፖርተኛ አየሩ ሳስቶብን ልንሞት ነው ሲል የእኛ ሰዎች በአገራቸው አየር ነበሩ። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው እዚያ ነው። ብስክሌት ላይ ግን ሳንባ ብቻውን አይበቃም፤ ቀላል ብረት፣ ጥሩ ጎማ፣ በየወሩ የሚወዳደሩበት ጎዳና ይጠይቃል። ሯጭ ጫማ ባይኖረው እግር አለው። ብስክሌተኛ ራጂ ከተሰበረበትና መለወጫ ከሌለው ቤቱ ይቀመጣል። ሩጫው ሲያድግ ብስክሌታችን ወደ ኋላ የቀረበት ዋናው ምክንያት፣ በእኔ በጠጋኙ ዓይን፣ ይኸው ነው።

በ1972 የሞስኮ ኦሎምፒክ ጊዜ እኔ ወጣት ነበርኩ። ምሩፅ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ሲያመጣ ሬዲዮው ያለበት ቡና ቤት በሰው ተጨናንቆ ነበር። የብስክሌት ቡድናችንም እዚያ እንደነበረ፣ ሙሴ ዮሐንስ፣ ጀማል ሮጎራ፣ ዘርአጋብር ገብረሕይወትና ጓደኞቻቸው እንደጋለቡ የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ኤርትራ በ1985 ስትለይ የኢትዮጵያ ብስክሌት የጀርባ አጥንቱን አጣ። ስፖርቱን አንስቶ የያዘው ትግራይ ነው። መቀሌ ላይ ትራንስ ኢትዮጵያ፣ ጉናና መሰቦ የተባሉ ድርጅቶች ቡድን አቋቋሙ፤ ኮርስ ብስክሌት መንገድ ላይ ማየት ለከተማው ልጅ ብርቅ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ከማይጨው ጽጋቡ ግርማይ ተገኘ። ማይጨው የምትገኘው በአምባላጌና ወደ አላማጣ በሚያወርደው በግራት ካሕሱ መካከል ነው፤ ከቤቱ በየትኛውም በኩል ቢወጣ ዳገት ይጠብቀዋል። ጽጋቡ በ2008 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የዚያ ዓመት ቱር ሞን ቫንቱ ላይ ነፋሱ እጅግ በርትቶ መድረሻውን ከጫፉ 6 ኪሎ ሜትር ወደ ታች ያወረዱበት፣ ክሪስ ፍሩም ብስክሌቱ ተሰብሮበት በእግሩ የሮጠበት ነው። ፍሩም እየሮጠ ያለበትን ምስል ስልክ ላይ ያላየ ወጣት የለም። በዚያው ውድድር ውስጥ የማይጨው ልጅ እንደነበረ ግን ስነግራቸው አያምኑኝም።

ከሴቶቹ ሰላም አምሃ በ2013 በቶኪዮ ኦሎምፒክ የጎዳና ውድድር ላይ ተሰልፋለች። ኢየሩ ተስፎኣም ገብሩ ደግሞ የትግራይ ጦርነት ከአገር አስወጥቷት ፈረንሳይ ገባች፤ በ2016 ፓሪስ ላይ በስደተኞች ኦሎምፒክ ቡድን ስም ጋለበች። ያችን ልጅ ያለ አገሯ ባንዲራ ሳያት አንጀቴ ተላወሰ። ጦርነት የሰውን ሕይወት በላ፤ በሰላም ጊዜ የተለፋበት የጋላቢ ትውልድም ተበተነ።

በመሃል አገር የውጭ ሰው እየመጣ ይወዳደርበት የነበረ አንድ ታላቅ ዳገት አለን። ዓባይ በረሃ ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚሄደው ቱር ደ አፍሪክ በ1995 ሲጀመር በጎንደርና በባሕር ዳር አድርጎ ደጀን ደረሰ፤ ጋላቢዎቹ ከደጀን ወደ ድልድዩ ይወርዱና ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሰዓት እየተለኩ ይወጡ ነበር። ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ከፍታ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ክሪስቶፍ ሹካውን ከቀጠቀጠባት መንደር እስከ ቱርማሌ ጫፍ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፍታው 1,268 ሜትር ነው። ቱርማሌና ዓባይ እኩያ ናቸው ማለት ነው፤ ዓባይ ላይ ግን የበረሃው ሙቀት ይጨመርበታል። ዛሬ መኪናው የሚያልፍበት፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ተመረቀ። በዚያ ዳገት ላይ በየዓመቱ የካናዳና የሆላንድ ሰው ሰዓቱ ሲመዘገብ፣ የጎሐ ጽዮን ልጅ በአሮጌ ብስክሌት ከጎናቸው እየጋለበ ይሸኛቸው ነበር፤ የእሱን ሰዓት ግን የሚመዘግብ አልነበረም።

ምዕራብ ሸዋ ሩጫ ላይ ስም አላት። ፊጣ ባይሳ የአምቦ ልጅ ነው፤ ፈይሳ ሌሊሳ ከጀልዱ ነው። የሁለቱም ሳንባ የተሠራው በዚህ ደጋ ላይ ነው። እዚህ ብስክሌተኛ የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ብስክሌት በከተማችን የድሃ ዕቃ ሆኖ ቀርቷል፤ እኔም እንጀራዬን የማገኘው ግማሹን ከባጃጅ ጎማ ነው። ሆኖም ቅዳሜ ገበያ ቀን አንድ ሁለት ልጅ አይጠፋም። በቅርቡ አንዱ ማርሿ የማይቀይር ማውንቴን ብስክሌት ገፍቶ አመጣና፣

«ኦቦ፣ ይቺ ሳይክል ጌዶን ትወጣለች?» አለኝ።

«ሳይክሏ ትወጣለች። አንተ ትወጣለህ ወይ?»

«እኔማ እወጣለሁ። ማርሹን ብቻ ሥራልኝ።»

ሽቦውን ለወጥኩለት፣ ካቴናውን አጥቤ ዘይት ቀባሁለት፣ የኋላውን ኩሽኔታ ቅባት ሞላሁለት። ወጥቶ እንደሆነ ሳምንት ስጠይቀው ኢጃጂን አልፎ ከግማሽ በላይ እንደሄደ፣ ከዚያ ውኃ ስላለቀበት እንደተመለሰ ነገረኝ። ውኃ መያዣ ጠርሙስ የሚታሰርበት ከቆርቆሮ ሠራሁለት።

ስለዚህ ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤትም፣ ለኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽንም፣ ይህን ለሚያነብ የአገሬ ልጅም የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ የጭነት መኪና ሳይበዛ፣ ከኢጃጂ ጌዶ የግል ክሮኖ፣ ማለትም እያንዳንዱ ለብቻው በሰዓት እየተለካ የሚጋልብበት ውድድር፣ ይደረግ። በሁለት ምድብ ይሁን፤ አንዱ ማርሽ ላለው፣ አንዱ ለፎኒክስ። ፎኒክሱ ባዶውን ይውጣ፣ ጆንያ አይጫንበት። ሴቶች ልጆችም ይሰለፉ። አንድ አንድ ደቂቃ ተራርቀው ይነሱ። የሚያስፈልገው ከታችና ከላይ ሰዓት የሚይዙ ሁለት ሰዎች፣ ከፊት አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሞተር፣ የመኪና ጭራ የያዘ እንዲሰረዝ የሚመለከት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ጎማ፣ ካላማዳሪና ፖምፓ የጫነ አይሱዙ ነው። የአንደኛው ሽልማት በገረመው ደንቦባ ስም ይሁን። አይሱዙው ላይ እኔ እሆናለሁ፤ ማስቲሹንም ከቤቴ አመጣለሁ።